ቅብዓ ንግሥ ለምስጥ

ሰሞኑን ያቺ ምክር ተመልሳ መጥታለች፦ «ኩይሳው አናት ላይ የተቃጠለ ዘይት አፍስሱ፣ ምስጥ ድራሹ ይጠፋል!» እሰይ። ወለጋ ውስጥ፣ መንዲና ነጆ አካባቢ፣ ገበሬው ዕድሜ ልኩን ከምስጥ ጋር የሚታገለው ለካ ጀሪካን የሚያቀብለው አጥቶ ኖሯል።

ሥርዓቱማ ያምራል። አስቀድሞ የኩይሳው ጫፍ በዶማ ይገመሳል። ምክሩን በቪዲዮ የሚያሳየን ሊቅ ካሜራው መቅረጹን አረጋግጦ ጀሪካኑን ከፍ ያደርጋል፤ ዘይቱን ቀስ፣ ቀስ እያለ ያወርዳል። የላዩ ሸክላ ይጠቁራል፣ ጥቂት ወታደር ምስጦች ይሞታሉ፣ ተመልካች ያጨበጭባል። ሊቁም አንድ እግሩን ፍርስራሹ ላይ ሰቅሎ ፎቶ ይነሣል። ንግሥቲቱስ? እሷማ ከሥር፣ በደረቅ ጭቃ በታነጸ እልፍኟ፣ ከንጉሡ ጋር ሆና በቀን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የጥንት ነገሥታት ሲቀቡ እንኳ ዘይቱ ራሳቸው ላይ ይደርስ ነበር።

ሊቁ ስለ ምስጥ አንጀት ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ጀሪካን አይገባበትም። ባለ ኩይሳው ምስጥ፣ ማክሮተርመስ፣ ገለባውን ብቻውን አይወጣውም፤ ተርሚቶማይሲስ የተባለ ፈንገስ ያለማል። ወጣት ሠራተኞች ገለባውን ፈንገሱ ከሚያወጣቸው ነጫጭ እንክብሎች ጋር ይበላሉ። የፈንገሱ ዘር አንጀታቸውን ሳይሞት ያልፍና ከኩሳቸው ጋር ስፖንጅ በመሰለው አልጋ አናት ላይ ይዘራል። ፈንገሱ ጠንካራውን ያላላል፤ ከሳምንታት በኋላ አሮጌዎቹ የበሰለውን ከሥር ይበላሉ። ጎጆው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ተንከባካቢ ያጣ አልጋ ደግሞ ዛይላሪያ የሚባል ሌላ ፈንገስ ይወርሰዋል። እንግዲህ እርሻው ከታች፣ ዘሩ በየሠራተኛው ሆድ፣ ዘይቱ ጣሪያው ላይ!

እስከ እልፍኙ ቆፍሮ ንግሥቲቱን የሚያወጣ ሰውም አለ፤ ላቡ ለቪዲዮ አይመችም እንጂ። እሱም ቢሆን ንጉሡን ከረሳ፣ ወይም አዲስ ጎጆ ሊመሠርቱ የሚበሩት ክንፋም ምስጦች ሳይወጡ ከቆፈረ፣ ተተኪ ሊነግሥበት ይችላል።

ዘይቱ አልሠራ ሲል መለያ በሌለው የውሃ ጠርሙስ የተቀዳ ፀረ ተባይ ይከተላል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። መርዝን በመጠጥ ዕቃ ቀድታችሁ የምትሸጡ፣ ጠርሙሱን መጀመሪያ የሚያነሣው የተጠማ ሕፃን መሆኑን ታውቃላችሁ። ምንጭ አጠገብ ዘይት የምታፈሱም የምትጠጡትን ታውቃላችሁ።

ለማንኛውም ዝናብ ሲጥል ሊቃችን ብቅ ይበል። ከኩይሳው ዙሪያ የሚወጣው እንጉዳይ ምስጦቹ የሚያለሙት የዚያው ፈንገስ ነው፤ ዐዋቂ ለይቶ ሲለቅመው ይበላል። የእሱን ድርሻ ግን ከተቀባው ኩይሳ ብቻ ልቀሙለት።