በምድር ቤት የተለማመዱት ትግል

ቄስ ጄምስ ላውሰን ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. እሁድ ዕለት በ95 ዓመታቸው ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፉ። ዜናውን ያሰሙን መገናኛ ብዙኃን በአብዛኛው «የዶ/ር ማርቲን ሉተር ኪንግ አማካሪ» ብለው አስተዋወቋቸው። ሐሰት አይደለም። ሰውየው ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሲያጋቡ፣ ሲያጠምቁና ሲቀብሩ ነው፤ ሜምፊስ 12 ዓመት፣ ሎስ አንጀለስ 25 ዓመት ያገለገሉ የሜቶዲስት ቄስ ነበሩ።

እኔ እሳቸውን ማንሳት የፈለግኩት ሌላ ነገር ቢያሳስበኝ ነው። እኛ ዘንድ «ሰላማዊ ትግል» የማይል ፓርቲ የለም። ቃሉ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ጠመንጃ ላጣ ሰው መጽናኛ ነው፣ ወይ እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ሰበብ። ለላውሰን ሰላማዊ ትግል እንደ አናጢነት ያለ ሙያ ነበር። ይማሩታል፣ እጅ እስኪለምደው ይደጋግሙታል፣ ያልተማረ ከገባበት ደግሞ ይበላሻል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥፊ ነው። ላውሰን ያደጉት ኦሃዮ ውስጥ ማሲሎን በምትባል ከተማ ሲሆን አባታቸውም አያታቸውም ቄስ ነበሩ፤ አባትየው እንዲያውም ሽጉጥ የሚታጠቁ ቄስ። ልጁ ጄምስ አንድ ቀን ተልኮ ሲሄድ፣ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ሕፃን በቆዳው ቀለም ይሰድበዋል። ጠጋ ይልና በጥፊ ያጮለዋል። ቤት ገብቶ ሲያወራ እናቱ ምድጃው ላይ ነበረች። ፊቷን እንኳ ሳታዞር «ታዲያ ምን ጠቀመህ?» አለችው። ላውሰን ይህችን ጥያቄ እስኪያረጁ ድረስ ይተርኳት ነበር።

የኮሪያ ጦርነት ሲመጣ (የእኛው ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ማለት ነው) አልዘምትም ብለው 13 ወር ታሰሩ። ለሃይማኖት ተማሪ የሚፈቀደውን ነፃ መሆኛ ቢጠይቁ ያገኙት ነበር፤ አልጠየቁም። ከእስር ሲወጡ በሚሲዮናዊነት ህንድ፣ ናግፑር ሄዱና የጋንዲን መንገድ እዚያው አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከኪንግ ጋር ሲገናኙ ሁለቱም የ28 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። ኪንግ ትምህርትህን እስክትጨርስ አትቆይ፣ የአሜሪካ ደቡብ አሁን ይፈልግሃል አሏቸው። ላውሰንም ወደ ቴነሲ ወርደው ናሽቪል ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

ናሽቪል ላይ በአንድ የሜቶዲስት ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ተማሪዎችን ያሠለጥኑ ጀመር። ሥልጠናው እንዲህ ነበር፦ ወንበሮች እንደ ምግብ ቤት ባንኮኒ ይደረደራሉ። ግማሾቹ ይቀመጣሉ፣ ግማሾቹ ነጭ ዱርዬ ሆነው ይተውናሉ። ይሳደባሉ፣ ይገፈትራሉ፣ የሲጋራ ጭስ ፊት ላይ ይለቃሉ። የተቀመጠው አይመልስም። ሲወድቅ ጭንቅላቱን እንዴት እንደሚሸፍን፣ ጓደኛው ሲደበደብ በሰውነቱ እንዴት እንደሚጋርደው ይማራል። በኋላ የጥቁሮች መብት ትግል መሪዎች የሆኑት ጆን ሉዊስና ዳያን ናሽ ከዚህ ምድር ቤት ነው የወጡት። እ.ኤ.አ. የካቲት 1960 ለነጮች ብቻ የተከለሉ ባንኮኒዎች ላይ ሄደው ሲቀመጡ፣ የሚደርስባቸውን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ዱርዬዎቹ ሲደበድቧቸው ፖሊስ ያሰረው ተደብዳቢዎቹን ነው። ቫንደርቢልትም ላውሰንን አባረረ። በግንቦት ወር ግን ባንኮኒዎቹ ለጥቁር ተከፈቱ።

በዚያው ሰሞን አንዱ የሞተር ሳይክል ጎረምሳ ላውሰን ላይ ምራቁን ይተፋባቸዋል። መሀረብ ይዘህ እንደሆነ ስጠኝ አሉት። ግራ ገብቶት ሰጣቸው። ጠረጉና መለሱለት፣ ቀጥለውም ሞተር ትነዳለህ እንዴ ብለው ጠየቁት። ሁለቱ ስለ ሞተር ማውራት ያዙ። ይህን ገርነት የሚል ካለ አልገባውም። ላውሰን ያን ጊዜ የሚያደርጉትን በደንብ ያውቁ ነበር፤ ሊያዋርድህ የመጣን ሰው ሐሳብ ማስቀየር ከባድ ጥበብ ነው።

ወደ ሜምፊስ እንምጣ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1968 ሁለት ጥቁር ቆሻሻ አንሺዎች ከዝናብ ለመጠለል መኪናው ውስጥ እንደገቡ የቆሻሻ መጭመቂያው ተነስቶ ፈጫቸው። ወደ 1,300 የሚጠጉ ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። የአድማውን ስትራቴጂ ኮሚቴ የመሩት ላውሰን ናቸው። ዘረኝነት ማለት ሰውን ሰው አይደለህም ማለት ነው ብለው ሰበኩላቸው፤ ሠራተኞቹም «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ሰሌዳ አንግበው ወጡ። በአማርኛ ሲሆን ይበልጥ የሚከብድ ይመስለኛል፤ «ሰው» የሚለው ቃላችን ወንዱንም ሴቱንም፣ ክብሩንም ይዟል።

ኪንግን ወደ ሜምፊስ የጠሩት እሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 የወጣው ሰልፍ ግን ከእጅ አመለጠ፤ መስታወት ተሰበረ፣ ፖሊስ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ገደለ። ላውሰን በድምፅ ማጉያ ሕዝቡን ወደ ቤተክርስቲያን መልሰው ሰልፉን አቋረጡ። እኔ ከዚህ ቀን የማነበው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ጎዳና ላይ የወጣው አብዛኛው ሰው ምድር ቤቱን አላየም። ኪንግ ሰላማዊ ሰልፍ እንደሚቻል ሊያሳዩ ተመልሰው መጡ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 እዚያው ተገደሉ። ጋባዡ ላውሰን ነበሩ፤ ያን ሸክም ተሸክመው ነው 56 ዓመት የኖሩት።

ከአሥር ዓመት በኋላ ያደረጉት ብዙ ሰው አስቆጥቷል። በግድያው 99 ዓመት የተፈረደበት ጄምስ ኧርል ሬይ እስር ቤት ሆኖ ሲያገባ ጋብቻውን የባረኩት ላውሰን ናቸው። ሬይ ገዳይ ነው ብለው አያምኑም ነበር። በዚህ እምነታቸው ከሳቸው ጋር መስማማት ይከብደኛል። ሆኖም የወዳጃቸው ገዳይ ተብሎ የታሰረን ሰው ቄስ አያስፈልገውም ለማለት አልደፈሩም፤ ይህንን ነው የማከብረው።

ሎስ አንጀለስ ሲዛወሩ ተማሪዎቻቸው ከላቲን አሜሪካ የመጡ የሆቴል ክፍል አጽጂዎች ሆኑ። ከትንሿ ኢትዮጵያ ብዙም የማትርቀውን የሆልማን ቤተክርስቲያን አገልግለው እ.ኤ.አ. በ1999 ጡረታ ወጡ። ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ2006 ይቅርታ ጠይቆ አስተማሪ አድርጎ መልሷቸዋል። የሰላማዊ ትግል ሥልጠናውን ግን ለማንም አላስረከቡም፤ ዘጠናን ከተሻገሩ በኋላም ራሳቸው ይሰጡ ነበር።