ለተከበሩ አቶ ፍሎት፦ ትርፏን 4 ይውሰዱልን

ቁጥር፦ 0.30000000000000004
ጉዳዩ፦ ማንም ያላዘዛትን 4 ስለማንሳት

ለተከበሩ አቶ ፍሎት
ባሉበት ወይም እዚያው አካባቢ

ጤና ይስጥልን። አንቱ ኮምፒውተር ነጥብ ያለውን ቁጥር አጠጋግቶ የሚይዝበት የቁጥር ዓይነት ነዎት፤ ቡሬ ገበያ ውስጥ የበርበሬ ነጋዴው ኮምፒውተር ላይ ተሰይመው ሒሳብ ይሠራሉ። 0.1 ኩንታል በርበሬ ላይ 0.2 ሲጨመር የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንኳ 0.3 ይላል፤ አንቱ ግን 0.30000000000000004። ገበሬው ደረሰኙን አገላብጦ «ይች 4 የማን ናት?» ቢል፣ ነጋዴው «የደላላው ትሆን?» አለው።

ምክንያትዎን ሰምተናል። የሚቆጥሩት በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ፣ 1/3 ለእኛ 0.333 እያለ እንደማያልቀው ሁሉ 1/10 ለአንቱ አያልቅም፤ 53 ቢት (የ0 እና የ1 ቦታ) ሲሞላብዎት አጠጋግተው ይተዉታል። ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው የኮምፒውተር ቁጥሮች ደንብ አጽድቆልዎታል። ስለዚህ ትርፊቱ 4 ሕጋዊ ናት፤ ማኅተም ብቻ ነው የቀራት።

ስለ ፍጥነትዎ አንከራከርም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ የግል ክፍል ተሠርቶልዎት በሰከንድ ቢሊዮኖች ድምር ይደምራሉ። የአየር ትንበያ የሚሠራ ሰው ያለ አንቱ ወዴት ይሄዳል? የበርበሬ ነጋዴ ግን ምን አስቸኮለው? ያን ያህል ከፈጠኑ ሚዛኑ ጋ ወረፋ ይያዙልን።

ቅሬታችን ሳይጠሩ መምጣትዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫስክሪፕት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ገብተው የሙሉ ቁጥሩንም ወንበር ያዙ፤ ቢግኢንት የተባለው የትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2020 የቋንቋው ደንብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሌላ የቁጥር ዓይነት አልነበረም። ከ9007199254740991 ካለፈ ደግሞ ሙሉ ቁጥሩንም መዝለል ይጀምራሉ። ፓይተን በሚባለው ሌላ ቋንቋ ቤት ዴሲማል የሚባል 0.1ን ልክ 0.1 አድርጎ የሚይዝ ዘመድ አለዎት፤ እሱ ግን «ኢምፖርት» (ይግባ) ተብሎ ካልተጠራ አይገባም። ልክ የሚቆጥረው ደጅ ይጠናል፤ የሚገምተው ሳሎን ተቀምጧል።

«ሲታተም ወደ ሁለት አሃዝ አጠጋጉት» የሚሉን ሊቃውንት አሉ። 4ቷ ከወረቀቱ ትጠፋለች፤ ከሆድዎ ግን አትወጣም። ፕሮግራሙ «ድምሩ ከ0.3 ጋር እኩል ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎት ዓይንዎን ሳያሹ «አይደለም» ይላሉ።

ራኩ የሚባለው ቋንቋ 0.1 ሲጻፍለት 1/10 ብሎ በክፍልፋይ ይይዘዋል፤ እዚያ ድምሩ 0.3 ነው። ነፃ አይደለም፦ ሲደማመር ታህቱ እያበጠ ይሄዳል፣ ማቃለሉም ጊዜ ይበላል። ታህቱ ከ64 ቢት ሲያልፍ ራኩም እጅ ሰጥቶ ወደ አንቱ ይልከዋል። ይሁን፤ ሞክሮ ነው።

እኛም የምንለምነው ይህንኑ ነው። ነጥብ ያለው ቁጥር ስንጽፍ መጀመሪያ ልክ የሚቆጥረው ይምጣ፤ የቸኮለ ሰው ስምዎን ጠርቶ ያስመጣዎት።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለራኩ፣ ለምስጋና
ለዴሲማል፣ ፓይተን ደጅ ላይ