ማስተካከያ፦ የሉዊስ ዲያዝ ጎል የተሻረው በመስመሩ ስህተት አይደለም

ቶተንሃም ሊቨርፑልን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 በሜዳው 2 ለ 1 ስላሸነፈበት ጨዋታ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ጎል የተሻረው የቪኤአር (የቪዲዮ ዳኝነት) መስመር፣ ማለትም ከጨዋታ ውጭ መሆንን ለመለየት በምስሉ ላይ የሚሰመረው መስመር፣ ተጫዋቹን ከጨዋታ ውጭ አድርጎ ስላሳየው እንደሆነ ገልጸን ነበር፤ ይህ ስህተት ነው። መስመሩ ያሳየው ተቃራኒውን ነው። ችግሩ የተፈጠረው፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ማንሳቱን የዘነጋው የቪዲዮ ዳኛ የሜዳው ውሳኔ «ጎል» የሚል መስሎት «ምርመራው ተጠናቅቋል» በማለቱ ነው፤ ይህም የሜዳው ውሳኔ ይጽና ማለት ስለሆነ ጎሉ እንደተሻረ ቀረ። የእንግሊዝ ዳኞችን የሚያስተዳድረው ተቋም ከቀናት በኋላ ይፋ ባደረገው የድምፅ ቅጂ፣ የምስል ባለሙያው የሜዳው ውሳኔ ከጨዋታ ውጭ የሚል እንደነበር ሲያስታውሰው ይሰማል፤ ነገር ግን ጨዋታው በቅጣት ምት ቀጥሎ ስለነበር በሕጉ መሠረት ወደ ኋላ መመለስ አልተቻለም።

በዚያው ጽሑፍ የቪዲዮ ዳኞቹ ከሁለት ቀን በፊት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሊግ መዳኘታቸውን ጠቅሰን፣ ነገሩ «ጉቦ ጉቦ ይሸታል» ብለናል። ጉዞው እውነት ነው፤ የድካምና የጥቅም ግጭት ጥያቄ ማስነሳቱም በእኛ እምነት ተገቢ ነው። ሆኖም ጉዞው በእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ፈቃድ የተደረገ ሲሆን፣ ጉቦ ስለመኖሩ የቀረበ ማስረጃ የለም። ሐረጉን ከጽሑፉ አውጥተነዋል፤ አንባቢዎቻችንንም ይቅርታ እንጠይቃለን።