አሻራዬንማ ሰጥቻለሁ

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ሁለት ቀን ሠለጠንኩ። ርዕሱ «የካርቦን አሻራን በመቀነስ ረገድ የግለሰብ ሚና» ነበር። የካርቦን አሻራ ማለት አንድ ሰው በኑሮው ሰበብ ወደ አየር የሚለቀው በካይ ጋዝ ልክ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሄድኩት ለአበሉ ነው።

አዳራሹ ጣና ዳር ነው። ጠረጴዛው ላይ በሰው ሁለት ሁለት ሃይላንድ ተደርድሯል። ውጭ ፒካፖች ሞተራቸው ሳይጠፋ ቆመዋል፣ ሾፌሮቹ ውስጥ ተኝተዋል። ከእያንዳንዱ የወረደው አንድ አንድ ሰው ነው። አሠልጣኙ ማይኩን ጨብጦ «በቀን ስንት ፌስታል እንጠቀማለን? እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ» አለ። ራሴን ጠየቅኩት። ራሴ ዝም አለ።

ዝም ያለው ወዶ አይደለም። በዋዜማው አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዝቼ ነበር። ሻጯ በፌስታል ቋጠረችና ከፍ አድርጋ አየችው። «ሳስቷል፣ ልደርብልህ» ብላ ሁለተኛ ውስጥ ከተተችው። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል እኮ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ክልክል ነው። ግን ገበያ ውስጥ ሚዛን እንጂ ውፍረት መለኪያ የያዘ ሰው የለም። ስስነቱ የሚታወቀው ቲማቲሙ መንገድ ላይ ሲበተን ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ወጣ፤ ይዞ የተገኘ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። አዋጁ አምራቹንም አልማረም። ብቻ አምራቹ ፌስታል አንጠልጥሎ ገበያ መሐል አይሄድም። የምሄደው እኔ ነኝ።

ልጅ ሆኜ እንዲህ አልነበረም። ደምበጫ ለስላሳ ልግዛ ብዬ ስሄድ ባለሱቁ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጠርሙስ ይዘሃል?» ብሎ ነው። ካልያዝኩ ወይ ማስያዣ አስቀምጣለሁ፣ ወይ እዚያው ቆሜ እየተገላመጥኩ እጨርሳለሁ። አንዴ ባዶ ጠርሙስ ሰብሬ ከእማዬ የቀመስኩት ኩርኩም እስካሁን ትዝ ይለኛል። ሙሉው በአይሱዙ ይመጣል፣ ባዶው በአይሱዙ ይመለሳል። ጠርሙሱ የፋብሪካው ነው፤ ስለዚህ ፋብሪካው ይፈልገዋል፣ ባለሱቁ ይቆጥረዋል፣ እናቴ ትኮረኩመኛለች።

ከዚያ ፕላስቲኩ መጣ። ባለሱቁ መጠየቁን ተወው። ፋብሪካው ዕቃውን ጭራሽ ለኔ መረቀልኝ። ሳልጠየቅ፣ ሳልፈርም፣ የባዶ ፕላስቲክ ባለርስት ሆንኩ። አሁን አዳራሽ ተጠርቼ «ርስትህን ምን አደረግከው?» እባላለሁ።

ይህ ዘዴ መጀመሪያ የተገኘው እኛ አገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1953 እ.ኤ.አ. የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ያሉበት «ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል» የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። በ1971 የታወቀውን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠራ። የአገሬውን ነባር ሕዝብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ በታንኳ ይመጣል፣ ቆሻሻውን ያያል፣ አንዲት ዘለላ እንባ ያወርዳል። መልእክቱ ብክለት የሚያመጣው ሰው ነው፣ የሚያቆመውም ሰው ነው የሚል ነው። ስለ ፋብሪካ ትንፍሽ የለም። ያለቀሰው ተዋናይ ራሱ ኋላ ሲጣራ የጣሊያን ስደተኞች ልጅ ሆኖ ተገኘ። አልቃሽ ማስመጣት እኛም እናውቅበታለን። ግን በኛ አገር ገዳዩ ራሱ አልቃሽ ቀጥሮ ልቅሶ ሲደርስ አላየሁም።

«የካርቦን አሻራ» የሚለውን ቃልም በዓለም ያናኘው ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ሰው የራሱን አሻራ የሚያሰላበት ማስያ ድረ ገጹ ላይ አወጣ። በቀን ሚሊዮኖች በርሜል የሚያወጣ ድርጅት እኔን «ዛሬ በእግርህ ነው በባጃጅ የመጣኸው?» ይለኛል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ስመለስ፣ አባዱላ ውስጥ ተጣብቄ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከ1988 ወዲህ ከኢንዱስትሪ የወጣውን በካይ ጋዝ 71 በመቶ ከ100 ነዳጅና ከሰል አምራቾች ጋር ያያይዘዋል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! እንጅባራን እንዳለፍን መስኮቱን ከፈትኩና ሃይላንዴን ወረወርኩት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሁነህ ነው?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እናት። «ለኔ ብትሰጠኝስ? ለጠበል ፈልጌው ነበር።»

«እማማ፣ ጥፋቱ እኮ የመቶ ኩባንያዎች ነው።»

ረዳቱ ከበሩ ዞር አለ። «እና መቶውም በዚህ መስኮት ወረዱ?»

አባዱላዋ በሳቅ ተናጋች። እኔ እስከ ቡሬ ቀና አላልኩም። እዚህ ላይ ለረዳቱ አንድ ነገር ልመስክርለት። «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ሃያ ሰው ጠቅጥቆ የሚጭነው እሱ፣ ሆቴሉ በር ላይ ከቆሙት ፒካፖች ሁሉ ይልቅ በሰው ሲካፈል ትንሽ ጭስ ያወጣል። ሥልጠናው ላይ ግን አልተጠራም። እርግጥ ቢጠራም ትርፍ ይዞ ይመጣ ነበር።

የሃይላንዷን ነገር ካነሳን አይቀር፣ እኛ ሰፈር ሃይላንድ ዝም ብሎ አይሞትም። መጀመሪያ ጠበል ይቀዳበታል። ቀጥሎ ዘይት። ክፉ ዕድል የገጠመው አረቄ ይሞላበትና ሽታው አልለቅ ይላል። የባሰበት መንገድ ዳር ቤንዚን ተሞልቶ ባጃጅ ይጠብቃል። እማዬ ጓሮ ያለው ደግሞ አንገቱ ተቆርጦ የቡና ችግኝ አብቅሏል። አሠልጣኙ «መልሶ መጠቀም» የሚለውን በስክሪን ሲያሳየን እኔ ያሰብኩት እሷን ነው።

እቤት ስደርስ የቤት ሥራ ነበረኝ፤ የአንድ ቤተሰብ አባል አሻራ በቅጽ ይሞላል። እማዬን አስቀመጥኳት።

«በዓመት ስንት ጊዜ አውሮፕላን ትሳፈሪያለሽ?»

«በላያችን የሚያልፈውን ነው?»

«በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ ትበያለሽ?»

ፊቷ በራ። «ምነው፣ ልታርድ ነው?»

ቅጹ ላይ «ዜሮ» ጻፍኩ። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ በአማካይ ከሩብ ቶን በታች ነው፣ የአንድ አሜሪካዊ ከ13 ቶን በላይ። እማዬ ደግሞ ያቺንም ሩብ ለኔ ሳታተርፍልኝ አልቀረችም።

«በይ እንግዲህ» አልኳት፣ «የካርቦን አሻራሽን እንድትቀንሺ ተብሏል።»

«አሻራዬንማ ሰጥቻለሁ» አለች፣ አውራ ጣቷን ቀና አድርጋ። «የመሬቱ ደብተር የተሰጠን ጊዜ። አሁን ደግሞ ቀንሱ ሊሉን ነው? መሬቱን ሊነኩት ነው እንዴ?»

ሌላ አሻራ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት የምስክር ወረቀቴ ላይ ነበር። ፕላስቲክ አጠቃቀምን ለመቀነስ ስለ መሠልጠኔ የተሰጠኝ ሲሆን፣ በወፍራም የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ነው የተቀመጠው። አነሳችው። ወረቀቱን በጥንቃቄ አወጣችና ለኔ ሰጠችኝ። ከሣጥኗ የመሬት ደብተሯን አምጥታ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው።

«ላስቲኩ ጥሩ ነው» አለች። «ዝናብ አያስገባም።»