ድሬዳዋን የማይመስል ግድግዳ

ድሬዳዋ ውስጥ ሆኖ ድሬዳዋን የማይመስል ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህን ሙያ ያስተማሩኝ የእህቴ ልጅና የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። የፖፕ ሙዚቃ መጽሔት አዘጋጅተው እንዲያቀርቡ ታዘዋል፤ ሽፋን፣ ማውጫና በጥንድ ገጽ የተዘረጋ ቃለ መጠይቅ። ፎቶግራፉ በሙሉ በገዛ እጃቸው የተነሳ መሆን አለበት፤ ከኢንተርኔት የተለቀመ አንድ ምስል እንኳ ከተገኘ ውጤቱ ዜሮ ነው። እኔ የተፈለግሁት ለቁመቴ ነው። የአሉሚኒየም ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን ከፍ አድርጎ ይዞ ብርሃኑን ወደ ኮከቡ ፊት የሚመልስ ሰው አጥተው ነበር።

ኮከቡ የሠፈራችን ልጅ ነው። ምን እንደዘፈነ በስብሰባው ላይ ብጠይቅ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟቹን ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው አዩኝ። «ስቱዲዮ ሊገባ ነው፣ አጎቴ» አለችና የእህቴ ልጅ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገረች። የሚቀጥለው አጀንዳ ጃኬት ነበር።

ወሩ ሚያዝያ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፤ ሰው የራሱን ጥላ ለማየት እግሩን ማንሳት አለበት። የፖፕ ኮከብ ግን ጥቁር ጃኬት ሳይለብስ ሽፋን ላይ አይወጣም ተባለ። ቆዳ መሳዩ ጨርቅ ከታይዋን ተገዛ፤ ከአገሩ ሳይሆን ከእኛው ገበያ። ከዚያ የስፌት መኪኖች ድምፅ ስም ወዳወጣለት የሐረሩ መኪና ግርግር መንገድ ተልኮ ተሰፋ። ከኮሚቴው አንዱ ታዲያ፣ ጃኬቱ ወደተሰፋበት እንሂድና እዚያው እናንሳ፣ ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ልጁም አይቀልጥም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዝግጅቱ ሁሉ የሰማሁት ብቸኛው ጤናማ ሐሳብ ይህ ነበርና ወዲያው ውድቅ ሆነ። የትራንስፖርት ገንዘብ የለም፤ በዚያ ላይ የጀጎል ግንብ «በጣም ሐረርን ይመስላል»። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግንብ ጥፋቱ ራሱን መምሰሉ ሆነ።

አንዲት ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ኮከቡ ዑድ ቢይዝስ አለች። አሊ ቢራ ዑዱን አቅፎ የወጣው ከዚችው ከተማ አይደለም ወይ? ጥያቄው ድምፅ ተሰጠበትና ወደቀ። ዑድ ያስረጃል ተባለ። በምትኩ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ እንዲንጠለጠል ተወሰነ። ሽቦው ወደ ኪሱ ይገባል፤ ኪሱ ውስጥ ምንም የለም።

የመጽሔቱ ስም ገና አልተወሰነም፤ የተስማሙት እንግሊዝኛ እንዲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶ ከኮከቡ ራስ በላይ ሰፊ ባዶ ቦታ እንዲተውለት ታዘዘ።

ልጆቹ ሥራውን አያውቁም እንዳልል ደብተራቸውን አይቻለሁ። ሽፋን ላይ የሚወጣ ሰው ሌንሱን ቀጥ ብሎ ማየት አለበት፤ መጽሔት ደርድሮ በሚሸጥ ሰው ፊት መንገደኛን የሚያስቆመው ዓይን ነው ይላል። አንድ ኤ4 ገጽ በደንብ ለመታተም 2480 በ3508 ፒክስል እንደሚፈልግ ተጽፏል። በቀትር ቢነሳ ግንባርና ቅንድብ ጥላ ስለሚጥሉ ሰውየው ዓይን አልባ ሆኖ ይወጣልና፣ ወይ በጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይ ወደ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይላል። ሁሉም ልክ ነው። ያልተጻፈው ነገር ኮከቡ በጠዋት የማይነሳ መሆኑ ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ የድሬዳዋ ሰው ሱቁን ዘግቶ የሚጋደመው ይጋደማል፣ የሚቅመው ይቅማል፤ ከዚያ በኋላ በቀጠሮ ሰዓት የሚገኝ ፀሐይ ብቻ ናት፣ እሷም ለመጥለቅ።

የመጀመሪያው ቦታ ባቡር ጣቢያው ነበር። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ከሐዲዱ ጋር የተወለደች ስለሆነች፣ ድሬዳዋን የማይመስል ቦታ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም፤ ግን በፎቶው ላይ ፈረንሳይ ይመስልልናል አሉ። ጥበቃው አረጋዊ ናቸው። ጃኬቱን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ልጄ፣ አሞሃል?» አሉት። ቀጥሎ ደብዳቤ ጠየቁ። ደብዳቤ አለ፤ የእህቴ ልጅ ፈርማበታለች።

«ማኅተሙስ?»

«ጋሼ፣ የተማሪ መጽሔት ነው እኮ፤ ማኅተም የለንም።»

«ማኅተም ሳይኖራችሁ መጽሔት ጀመራችሁ?» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። ከአጥር ውጭ ሆነን ብናነሳስ ብንላቸው፣ ከአጥር ውጭ ያለው ሥልጣናቸው እንዳልሆነ ነግረውን ኮፍያቸውን አስተካከሉና በሚታዩበት በኩል ቆሙ። እዚያ በተነሳው ፎቶ ሁሉ ውስጥ አሉ፤ ሌንሱን ቀጥ ብሎ በማየትም ከኮከቡ ይበልጣሉ።

ከዚያ ወደ ደቻቱ ወንዝ ወረድን። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው አሸዋ ነውና ልጆቹ በረሃ አገኘን ብለው ተደሰቱ። እኔም ካርቶኔን ከፍ አደረግሁ። ጥቂት እንኳ ሳንሠራ አንዲት እናት ከዳር ቆመው «ከአሸዋው ውጡ!» ብለው ጮኹ። እዚህ ጠብታ የለም፤ ወደ ሐረርጌ ደጋ ስናይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የደቻቱ ጎርፍ እዚህ ዝናብ እስኪዘንብ አይጠብቅም፣ ከደጋው ተነስቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ከሁለት መቶ በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ልጆቹ ያኔ ወይ አልተወለዱም ወይ በጀርባ ይታዘሉ ነበር፤ እናትየው ግን ከዚያ ወዲህ ደመና ሲያዩ ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ስለ ፖፕ ሙዚቃ ክርክር አላስፈለገም፤ ወጣን። ጎርፍ ግን አልመጣም። ኮከቡ ይህን እያነሳ እስከ ማታ አጉረመረመ።

በመጨረሻ የተገኘው ግድግዳ ከቀፊራ ገበያ ብዙ ሳይርቅ ነው። ቀለሙ ተላልጦ፣ አንዱ ቀለም ከሌላው ሥር ብቅ ብሎ፣ ልጆቹ ሲያዩት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ በወጣትነቴ ፎቶ የተነሳሁት በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ነው፤ መጋረጃው ላይ ፏፏቴና ያልተሳፈርኩበት አውሮፕላን ተስሎበት ነበር። ስለዚህ ሌላ አገር ለመምሰል መፈለጋቸው አልገረመኝም። የገረመኝ የፈለጉት ሌላ አገር የተላላጠ መሆኑ ነው።

ፎቶው ጉርድ እንደሚሆን ሲነገረው ኮከቡ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ አገለደመ። ከወገቡ በላይ ጥቁር ጃኬት፣ የጆሮ ማዳመጫና ጥቁር መነጽር፤ ከወገቡ በታች ባለ መስመር ሽርጥና ነጠላ ጫማ። ልብ ብሎ ላየው የላይኛው አጋማሽ ለዓለም፣ የታችኛው ለአየሩ ጠባይ ነበር። የመንገዱ ሕፃናት ተሰበሰቡ። እነሱን ከፎቶው ለማስወጣት ባጊያ፣ ያ በዘይት የሚጠበሰው የመንገድ መክሰስ፣ ተገዝቶ ታደለ፤ ወሬው ተዳርሶ ከሌላ መንደርም መጡ። የመጽሔቱ በጀት ትልቁ ወጪ ባጊያ ነው፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን «የቦታ ማመቻቸት» ተብሎ ተመዝግቧል።

ሥራው ያማረ መሰለ። ባጃጅ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ፍየል የለም፤ ከኮከቡ ጀርባ ያለው ግድግዳ የየትም አገር ነው። የእህቴ ልጅ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስታሰፋ ግን መነጽሩ ላይ ቆመች። ከጀርባው ያባረርናት ከተማ በሙሉ ሁለቱ ጥቁር መስታወቶች ውስጥ ተሰብስባለች። ሰማያዊው ባጃጅ፣ ባጊያ የሚያኝኩት ሕፃናት፣ አህያ ከነጭነቱ፣ መሐል ላይ ደግሞ እኔ፣ እጄን ዘርግቼ የሚያብረቀርቅ ካርቶን ተሸክሜ። ለማጥፋት ተሞከረ፤ እኔን ሲያጠፉ የኮከቡ ዓይን ያለበት ቦታ ቀዳዳ ሆነ። መለሱኝ።

ስለ ኅትመቱ ብዙ አልልም። ፎቶው ወደ ማተሚያ ቤቱ የተላከው በቴሌግራም ነበርና ተጨምቆ፣ ያ ሁሉ ፒክስል መንገድ ላይ ቀረ። በጥንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ኮከቡ ልክ መሐል ላይ ስለነበር የመጽሔቱ እጥፋት በአፍንጫው አለፈ። ቃለ መጠይቁን አላነበብኩትም፤ አጭር ነው ይባላል። መምህሩ ሽፋኑን አገላብጠው አዩና «ይህ የት ነው?» አሉ። ልጆቹ ያን ዕለት በደስታ ምሳ አልበሉም። አልታወቀም! ድሬዳዋ አልመሰለም!

መምህሩ የሌላ አገር ሰው ናቸው። መጽሔቱ ወደ መንደር ሲገባ የመጀመሪያው አንባቢ የባጃጁ ሾፌር ነበር፤ ሽፋኑን አንዴ ብቻ አይቶ፣ ጣቱን በኮከቡ ግራ ዓይን ላይ አሳርፎ «የእኔ ናት» አለ። የቆመችበትን ስለሚያውቅ ግድግዳው የማን እንደሆነም አወቀ። ማታውኑ መጽሔቱን ለግድግዳው ባለቤት ለእማማ አደረሰላቸው።

እማማ በማግሥቱ ማለዳ መጽሔቱን ይዘው እህቴ ቤት መጡ። ሊጣሉን የመጡ መስሎን ወንበር አቀረብንላቸው። ስለ ፈቃድ አላነሱም፤ ስለ ኮከቡም ማንነት አልጠየቁም።

«ልጄ፣ ግድግዳዬን እንዲህ እንደተላላጠ አደባባይ ታወጪዋለሽ? ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ! ለፋሲካ ላስቀባው ያሰብኩት ነበር።»

የእህቴ ልጅ መላላጡ የተፈለገ መሆኑን፣ በሌላ አገር እንዲያውም ሆን ተብሎ እንደሚላጥ ለማስረዳት ሞከረች። እማማ ጨርሳ እስክትናገር በትዕግሥት ሰሟትና ቀለሙ መገዛቱን ነገሯት። ፈዛዛ ሮዝ ነው። ሐሙስ ይቀባል፣ እስከ ቅዳሜ ይደርቃል፤ ያ የታመመው ልጅም ጃኬቱን አውልቆ፣ ሱሪ ለብሶ፣ ቅዳሜ በጠዋት እንዲመጣ ታዟል። እኔም ካርቶኔን ይዤ።