ክብር ለተቀባዩ

ከውጭ አገር ገንዘብ ላኪን የማያመሰግን የለም። ባለሥልጣኑ በየስብሰባው «የልማት አጋሮቻችን» እያለ ያሞግሳል። የዓለም ባንክም በየዓመቱ ድሃና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ከስደተኞቻቸው የሚያገኙት ገንዘብ ከእርዳታው እንደሚበልጥ ይነግረናል። ጥሩ ነው። ግን ገንዘቡ ብቻውን አይመጣም እኮ! የሚቀበለው ሰው አለ። የሚደውለው፣ የሚያስታውሰው፣ ባንክ ተሰልፎ የሚያወጣው፣ ካወጣ በኋላም ሳይታክት የሚጨርሰው። ለዚህ ሰው እስካሁን አንድ የምስክር ወረቀት እንኳ የሰጠው የለም። እስቲ ዛሬ እኔ ላመስግነው።

መቀበል ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ወሎ ውስጥ ያለ አንድ ወንድም እንውሰድ። እህቱ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን የምታገኘው ማታ ነው፣ ማድቤቱ ተጠራርጎ ካለቀ በኋላ። በረመዳን ደግሞ ይብሳል፤ የኢፍጣሩ ሰሃን ታጥቦ ሳያልቅ የሱሁሩ ድስት ይጣዳል። ወንድማችን እስከዚያ ድረስ እንቅልፉን አጥቶ ይጠብቃታል። ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

በኢሞ የሚልክላት ድምፅ እንዲህ ይላል፦ «እህት ዓለም ደህና ነሽ አይደል ተመስገን፣ እኛም ደህና ነን፣ ያው የእማዬ ግፊት ተነስቶባት ነው እንጂ።» አስተውሉልኝ፣ ደህንነቷን ጠይቆ መልሱንም ራሱ መለሰላት። ደክሟታል፣ ለምን ትቸገር ብሎ ነው። የእማዬም ግፊት የዋዛ አይደለም። የሪያዱን የደሞዝ ቀን ከአሠሪዋ አስበልጦ ያውቃል። አሠሪዋ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ወር ያሳልፋል። ግፊቱ አሳልፎ አያውቅም።

ከዚያ ባንክ አለ። «የላኪ ስም?» ትላለች መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ። ወንድማችን እናቱ ያወጣችላትን ስም ይናገራል። «በዚህ ስም የመጣ የለም።» ኪሱን ዳብሶ የተጣጠፈች ወረቀት ያወጣል። ሚስጥር ቁጥሩ ከላይ፣ የእህቱ የፓስፖርት ስም ከታች ተጽፏል። በፓስፖርቱ ላይ ዕድሜዋም እናቷ ከምታውቀው በጥቂት ዓመታት ይበልጣል፤ ደላላው ነው በአንድ ቀን ያሳደጋት። ይህን ሁሉ አስታውሶ መኖር ጭንቅላት ይጠይቃል።

የኢኮኖሚ እውቀቱም አይናቅም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያኔ «ብሩ ስለበዛልን ቀነስ አድርገሽ ላኪ፣ የቀረውን ለራስሽ አስቀምጪ» ያለ ወንድም ካለ ብቅ ይበል፣ ሐውልት እናቆምለታለን። የእኛ ሰው ያለው «ኑሮው እሳት ሆኗል» ነው። እሱስ እውነቱን ነው።

አገር ወዳድነቱንም ልመስክር። «በባንክ ላኩ፣ ለአገር ይጠቅማል» የሚለውን ማስታወቂያ በሰማ ቁጥር ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ባለሱቁ ሐዋላ በሪያል ጥቂት ብር ጨምሮ እሰጥሃለሁ ሲለው ግን አገር ትንሽ ትታገሠው።

የመላኪያ ክፍያውንም ቢሆን እንደሱ የታገለው የለም። ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ ገንዘብ መላክ ከዓለም ውዱ ነው፤ ከ200 ዶላር ላይ በመቶ 8 አካባቢ ይሄዳል። መንግሥታቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተሰብስበው እስከ ፈረንጆቹ 2030 ከ3 በመቶ በታች እናወርደዋለን ብለዋል። ወንድማችን 2030ን አልጠበቀም። በበኩሉ ዜሮ አስገብቶታል። «ቻርጁን አንቺ ቻይው፣ ለኛ ድፍኑ ይግባ።»

(መድኃኒት ገዝታ፣ ጤፍ ሸምታ፣ የልጅ ደብተር ሸፍና ለነገ ሳንቲም የማይተርፋት እናት ይህ ምስጋና አይመለከታትም። ብዙው ገንዘብ የሚሄደው እንዲህ ላለው ጎዶሎ ነው። እሷ ትቀመጥልኝ።)

ወደ ኢንቨስትመንቱ እንለፍ። ቤቱ ተሠርቷል። ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ መስታወቱ ሰማያዊ፣ የብረት በሩ ላይ ሁለት አንበሳ ተበይዷል። ካርታው በማን ስም ነው? በሱ ነዋ! ለአንድ ፊርማ ከሪያድ ትምጣ? ባጃጅም ተገዝቷል። ወንድማችን ግን አይነዳውም፣ ባለንብረት ነዋ። የቀጠረው የሰፈር ልጅ ይነዳለታል፤ በዚህም ለአንድ ሥራ አጥ ወጣት የሥራ ዕድል ፈጥሯል። የቀረው ገንዘብ በፑል ቤትና በጫት ቤት እየተዘዋወረ የአካባቢውን ኢኮኖሚ ያነቃቃል።

ይህን ጥበብ ከየት ተማረው ብትሉ ከበላይ አካል ነው። መንግሥትም ያው ተቀባይ ነው፣ ድምፁ ብቻ ጎርነን ይላል። በ1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ሰጠ። በ2003 ግድቡ ሲጀመር «ቦንድ ግዙ» አለ፤ አረብ አገር ያሉት የቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ ገዙ። ግድቡ ጳጉሜ 2017 ተመርቋል፣ ይሁን። በ2010 ዳያስፖራው «በቀን 1 ዶላር አዋጡ» ተባለ። ለ2014 ገና ደግሞ «አንድ ሚሊዮን ሆናችሁ ኑ» ተባለ። እንደ ወንድማችን ሁሉ እሱም ደህንነታቸውን በቅድሚያ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ይሰጣል።

ጥንቃቄውም የሚደነቅ ነው። በ2006 ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ 160 ሺህ ያህል ወገኖቻችንን ጠርዛ ስትልክ መንግሥታችን ጉዞውን አግዶ ነበር። ልጆቹ በጅቡቲዋ ወደብ በኦቦክና በየመን በኩል በእግርና በጀልባ ሄዱ። እገዳው በ2010 ተነሳ። በመሀሉ የወጣው የ2008ቱ አዋጅ ሠራተኛዋ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀች ትሁን ብሎ ነበር። ተቀባዩ ስንተኛ ክፍል መድረስ እንዳለበት ግን ዝም ነው ያለው። አሁን ወደ ውጭ የተላኩት ልጆች ቁጥር በሪፖርት ላይ በስኬትነት ይነበባል፣ ይጨበጨባል። ምን ሆነው እንደተመለሱ የሚነበብበት ሰዓት ላይ ሻይ እረፍት ይወጣል።

በ2012 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎቹ ሴቶቹን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ያለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። አስፋልት ላይ አደሩ። እዚያ አስፋልት ላይ ተኝታም «የዚህ ወር ዘገየ እኮ» የሚል መልእክት የደረሳት እንደማትጠፋ እርግጠኛ ነኝ። ተቀባይ በችግር ቀን ከላኪው ጎን አይጠፋም።

ወደ ሪያዷ እንመለስ። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ትመጣለች። የመጀመሪያው ሳምንት በግ ይታረዳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሽቶው ይከፋፈላል። በሁለተኛው ሳምንት ወንድማችን ቡና ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ «ፈቃድሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላል። ጨርሳ መምጣቷን ስትነግረው ይደነግጣል። ለሷ አዝኖ ነው። እዚህ አገር ሥራ እንደሌለ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? እሷ በሠራችው ቤት የእንግዳ ክፍል ተሰጥቷታል፣ ሻንጣዋን ግን ብዙ ባትፈታው እንደሚሻል በትህትና ተመክራለች።

ስለዚህ የተቀባዮች ቀን ይከበር የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። መንግሥት ምንጣፍ ያንጥፍ፣ ወንድሞቻችን ቲሸርት ለብሰው ይሰለፉ፣ ሜዳሊያ ይጠለቅላቸው። በጀቱም አያሳስብም። ኮሚቴው ማምሻውን በኢሞ አንድ ድምፅ ልኮላታል፦ «እህት ዓለም ደህና ነሽ አይደል ተመስገን። በሬው በቅናሽ ተገኝቷል፣ ባለቤቱ የሚጠብቀን እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው። ቻርጁን ቻይው አደራ።»