የውሃ ወፍጮዎቹን ተዉልን

የጅማ ልጆች፣ ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጥቶ ተራራ መውጣት ደስ ይላል፣ እኔም እወጣለሁ። የተተወ የውሃ ወፍጮ ስናገኝ የምናደርገው ነገር ግን ያሳፍራል። ባለፈው ጥር ከጓደኞቼ ጋር በዴዶ በኩል ወጥተን ወንዝ ዳር አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት አገኘን። ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ሐረግ ለብሷል። የላይኛው ድንጋይ ተንሸራቶ ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቷል። ጎንበስ ብዬ ስዳብሰው ወቀራው፣ ያ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄደው መስመር፣ እስካሁን ጣት ይቧጭራል። እዚያው ላይ በቀይ ስፕሬይ የሁለት ሰው ስምና ልብ ተስሎበታል። ሥሩ የውሃ ላስቲክና የጫት ገረባ ነው። መሃሉ ላይ የነበረው ብረት ደግሞ በመጋዝ ተቆርጦ ሄዷል። የት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን፣ ቆራሌው ጋ።

በኪሎ ስንት ተሸጠ? ለሁለት ቀን ምሳ በቅቶ ይሆን?

ያ ብረት ምን ይሠራ እንደነበር ልንገራችሁ። ወንዙ ከላይ ይጠለፍና በቦይ ይመጣል። ከዚያ በአሸንዳ ቁልቁል ተወርውሮ ከታች በአግድም የተኛውን መዘውር ክንፎቹን ይመታዋል። ከመዘውሩ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ዘንግ፣ ያ የተቆረጠው ብረት ማለት ነው፣ በታችኛው ድንጋይ ቀዳዳ አልፎ የላይኛውን ይዞ ያዞራል። የታችኛው ንቅንቅ አይልም። ጥርስ የለ፣ ቀበቶ የለ፣ መዘውሩ አንዴ ከዞረ ድንጋዩም አንዴ ነው የሚዞረው። እኔን ከሁሉም የምትገርመኝ ግን አንዲት ትንሽ እንጨት ናት። አንድ ጫፏ ከእህሉ ማፍሰሻ ጋር ታስሮ፣ ሌላው ጫፏ የሚዞረው ድንጋይ ላይ እየተንፏቀቀ ማፍሰሻውን ትነቀንቀዋለች። ድንጋዩ ሲፈጥን እህሉም ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፣ ውሃው ሲደክም እህሉም ይቀንሳል። ያለ ናፍጣ፣ ያለ መብራት፣ ራሱን በራሱ የሚመጥን ማሽን ነው ይሄ። 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ እንኮራለን፣ ልክም ነን። እዚያም እኮ ከላይ የወረደ ውሃ ነው ክንፍ መትቶ ዘንግ የሚያዞረው።

ጅሬን ላይ ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አንድ ጣውላ ቢነቀል ከተማው ሁሉ ይጮሃል፣ መጮህም አለበት። የገበሬውን ጤፍና በቆሎ የፈጨው ድንጋይ ሲሰበር ግን ዝም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከወፍጮው በላይ ካለው ቤት አንዲት እናት ወጡ። «አካም ጅርቱ» ስንላቸው መጀመሪያ ዝም ብለው አዩን። ከዚያ «ሁላችሁም ድንጋዩን ፎቶ ታነሳላችሁ፣ እዚህ ቤት ሰው አለ ወይ ያለ ግን የለም» አሉን። አፈርኩ። እኛም እኮ ፎቶ ካነሳን በኋላ ነው ቀና ብለን ያየናቸው። ቡና አፍልተው አስቀመጡንና ሲያወሩን፣ በበጋ ውሃው ሲያንስ ወረፋው ሌሊቱን ያድር ነበር፣ ሴቶቹ አቅማዳቸውን ተንተርሰው ይተኙ ነበር፣ ገበያው ጋ የናፍጣ ወፍጮ ሲመጣ ነው ሰው የቀረው። ድንጋዩን ይወቅሩ የነበሩት ባለቤታቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና መሮአቸው ግን አለ። ከበር ጀርባ ከጆንያ አውጥተው አሳዩን፣ ከመወቀር ብዛት አልቆ አውራ ጣት አክሏል። ይሄንን ከድንጋዩ ፎቶ ማን ያገኘዋል?

ስለዚህ እባካችሁ፣ ስትሄዱ መጀመሪያ ሰው ጠይቁ። ቦታው ባለቤት አለው፣ ቡና ውስጥ ነው፣ ማሳ ውስጥ ነው። ዕቃ ካገኛችሁ ቦታው ላይ ተዉትና ለባህልና ቱሪዝም ሰዎች ንገሩ፣ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። በክረምት ደግሞ አትሂዱ። የእኛን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አሮጌው ቦይ በሣር ተሸፍኖ አይታይም፣ ግድግዳውም ሥሩን ውሃ በልቶታል።

ስማችሁን የጻፋችሁት ሁለት ልጆች ይህን ካነበባችሁ፣ ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ለመፋቅ እንዳትሞክሩ፣ ወቀራውን ይበላዋል። መጀመሪያ ላይኛው ቤት ውጡና እናታችንን ይቅርታ ጠይቁ። ብረቱን የወሰድከው ሰው፣ እጅህ ላይ ካለ መልሰው። ከሸጥከውም ለማን እንደሸጥከው ንገረን፣ አዋጥተን እንገዛዋለን።